ከጓሮ የወጣው ወደ ጓሮ ይመለስ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ትምህርታችን ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ ኬሚካል ስለሚለማ የጓሮ አትክልት ነው። ይህ አሠራር ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ክልከላውን ነው፤ ዩሪያ አይግባ፣ መድኃኒት አይረጭ የሚለውን። ክልከላውስ አለ፤ ግን ክልከላ ብቻውን ጎመን አያበቅልም። ዩሪያውን አስቀርቶ በምትኩ ምንም ያልሰጠ ሰው የሚያገኘው ቢጫ ቅጠልና የተራቆተ መደብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናየው በምትኩ የሚሰጠውን ነው።

መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው። ከመደባችን ጎመን በቀነጠስን ቁጥር ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ንጥረ ነገሮች ከአፈሩ ወጥተው ወደ ምጣዳችን ይገባሉ። የጎመኑ ግንድና የድንቹ ልጣጭ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ከሄደ፣ ላሟ የበላችው ገለባም ኩበት ሆኖ ከነደደ፣ አፈሩ ከሰጠው የተመለሰለት የለም። እንዲህ እየሆነ ዓመታት ሲያልፉ አፈሩ ይጠነክራል፣ ውሃ አይዝም፣ ዝናብ ሲመጣ ይታጠባል። በኦርጋኒክ አሠራር ሌላው ሁሉ የሚመጣው ይህ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ከመሬቱ የወጣው በተቻለ መጠን ወደ መሬቱ ይመለሳል።

ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ እንሰት ወደሚተክል ቤት ሄዳችሁ ጓሮውን ተመልከቱ። ጠዋት ጠዋት ከጋጣ የሚጠረገው እበት፣ የምድጃው አመድ፣ የቤት ጥራጊው የሚጣለው እንሰቱ ሥር ነው። በዚህ የተነሳ ለቤቱ የቀረበው አፈር ራቅ ካለው ማሳ ይልቅ ጠቆር ያለና ለም ሆኖ ይገኛል። እዚያ ማንም «ኦርጋኒክ» አላለውም፤ ሥራው ግን ይኸው ነው። በሌላ በኩል ደጋው ላይ እንጨት በመመናመኑ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ኩበት የምታነድ እናትን የሚወቅስ ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም፤ ማገዶ በሌለበት ምጣዱ በምን ይጋላል? ሆኖም የሚሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑና አፈሩን የሚያለሰልሰው ካርቦን በጭስ ይሄዳል፤ ፖታሲየሙ፣ ካልሲየሙና ፎስፈረሱ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሌላው ቢቀር አመዱ አይደፋ፤ በተለይ ደጋና ዝናባማ በሆኑ ቦታዎች አፈሩ አሲዳማ ስለሚሆን አመድ አሲዱንም ያበርዳል።

በዓለም ላይ ይህን አሠራር በመጽሐፍ ካስፋፉት አንዱ እንግሊዛዊው የግብርና ሊቅ አልበርት ሃዋርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ህንድ የሄደው የአገሬውን ገበሬ ሊያስተምር ነበር፤ እያደር ግን ተማሪው እሱ ሆነ። በኢንዶር ከተማ ያዳበረውን የብስባሽ አሠራር በ1931 አሳተመ፤ እስከ ዛሬ የምንሠራው ኮምፖስት በብዙው የዚያ ዝርያ ነው። በእኛ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከትግራይ ግብርና ቢሮ ጋር ሆነው በገበሬዎች ማሳ ላይ ኮምፖስትን በሰፊው አስሞከሩ። ኮምፖስት የገባበት፣ የፋብሪካ ማዳበሪያ የገባበትና ምንም ያልገባበት ማሳ ምርት በየዓመቱ እየተመዘነ ተመዘገበ። ኮምፖስት የገባበት የፋብሪካ ማዳበሪያ ከገባበት ጋር የተስተካከለ፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ምርት ሰጠ። እኔ ይህን ሥራ የማከብረው ሙከራው በተቋም አጥር ውስጥ ሳይሆን በተጎዳና በተሸረሸረ የገበሬ መሬት ላይ በመካሄዱ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ኮምፖስቱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን፤ እሱ ከተበላሸ ሌላው አይቃናምና።

ኮምፖስት ማለት የተጣለ ቆሻሻ ክምር ማለት አይደለም። አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ቅጠሉንና እበቱን በልተው አፈር እንዲያደርጉት የተሰናዳ ቤት ነው። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጤነኛ አፈር ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። እነዚህ የሚፈልጉት ምግብ፣ አየርና ውሃ ነው። ምግባቸውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ደረቁ ነው፤ ጭድ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የረገፈ ቅጠል፤ ይህ በካርቦን የበለጸገ ነው። ሁለተኛው እርጥቡ ነው፤ አረም፣ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ እበት፣ የዶሮ ኩስ፤ ይህ ደግሞ ናይትሮጅን አለው። በጥናት የተረጋገጠው ተስማሚ ምጣኔ ለአንድ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 ካርቦን ነው። በጓሮ ይህን መለካት ስለማይቻል በዓይን እንሥራው፤ ደረቁና እርጥቡ በግምት እኩል ይሁን፣ በመሃሉ እበት ይግባ።

ቦታው ጥላ ያለውና ጎርፍ የማይደርስበት ይሁን። ዝናብ በሚበዛበት አገር ከመሬት በላይ ይከመራል፤ ደረቅ በሆነበት ደግሞ እርጥበቱ እንዳይተን ጉድጓድ ይቆፈራል። መጠኑ በቁመትም በወርድም ከአንድ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ክምር ሙቀት አይዝም። ከሥር አየር እንዲገባ ወፍራም አገዳና ጭራሮ አልብሱት። ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ፣ በላዩ አንድ ስንዝር ያህል እርጥብ፣ በላዩ አራት ጣት ያህል እበት፣ ቀጥሎም ከአሮጌ ኮምፖስት ወይም ከጥሩ ቦታ የተወሰደ አፈርና አመድ በስሱ ነስንሱበት። በእያንዳንዱ ድርብ ላይ ውሃ አርከፍክፉ። ጭዱ ደረቅ ከሆነ አስቀድማችሁ ብትዘፈዝፉት ይሻላል። ክምሩ ሲሞላ ጭቃና እበት ለውሳችሁ እንደ ቤት ግድግዳ ምረጉት፤ ወይም በጆንያ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍኑት። ስትከምሩ ግን ከላይ እስከ ታች የሚደርስ ረጅም ዱላ መሃሉ ላይ ማቆም አትርሱ።

ዱላው መለኪያችሁ ነው። ከሳምንት በኋላ ንቀሉትና ወዲያው ጫፉን በመዳፋችሁ ጨብጡት። ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ በደንብ የተሠራ ክምር ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፣ ይህም የአረም ዘርንና በሽታ አምጪ ሕዋሳትን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት ነው። ዱላው ትኩስ ሆኖ ከደረቀ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቅዞ ከሸተተ ውሃው በዝቶ አየር አጥቷል፤ ገልብጡትና ጭድ ቀላቅሉበት። ቀዝቅዞ ግን ምንም ካልሸተተ እበት ወይም እርጥብ አረም ጎድሎታል። እርጥበቱን በእጅ መፈተንም ይቻላል፤ አንድ እፍኝ ጨምቃችሁ በጣቶቻችሁ መሃል ጠብ ጠብ የሚል አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል።

በሁለትና ሦስት ሳምንት አንዴ ክምሩን ገልብጡት፤ ውጭ የነበረው ወደ ውስጥ ይግባ። እንደ አየሩ ሙቀት ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል፤ በደጋ ይዘገያል። የደረሰ ኮምፖስት ጥቁር ነው፣ ፈርፋራ ነው፣ ውስጡ የገባው ቅጠል ተለይቶ አይታወቅም፤ ሽታውም ዝናብ ያገኘው አፈር ሽታ ነው። የእበት ሽታ ካለው አልደረሰምና ጠብቁት።

ወደ ክምሩ የማይገቡ ነገሮች አሉ። ላስቲክና ብርጭቆን ሁሉም ያውቃል። ሥጋና ቅባት አይጥና ውሻ ይጠራሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይቱ መበስበሱን ያጓትታል። የታመመ ተክል፣ ዘሩን የያዘ አረምም አይግባ፤ ሙቀቱ ሁሉንም ላያዳርስ ይችላልና። አረም ለኮምፖስት የሚሰበሰብበት ዋናው ጊዜ መስከረም ነው፤ መጩም ሙጃውም ገና ለምለም ሳለ፣ ዘር ሳይቋጥር። ግራዋና ብሳና በአካባቢያችሁ ካለ ቅጠላቸውን ጨምሩ፤ ቶሎ ይበሰብሳል።

ትኩስ እበት በቀጥታ ወደ ሰላጣ መደብ አታስገቡ። ሥሩን ሊያቃጥል ይችላል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ጥሬ በሚበላ ቅጠል ላይ የሆድ ትላትል እንቁላልና የተቅማጥ ሕዋሳት ማስቀመጡ ነው። ኮምፖስቱ ይሙቅ የምንለው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ውድ አድማጮች፤ ከኮምፖስት ሌላ ናይትሮጅን የሚገባበት መንገድ ጥራጥሬ ነው። ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። አበባ ማውጣት የጀመረ አንድ ባቄላ ከእነ አፈሩ በአካፋ አንሡና ሥሩን በውሃ ቀስ ብላችሁ እጠቡት። ሥሩ ላይ የተለጠፉ ትናንሽ እብጠቶች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በዚያች ሰዓት ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ለባቄላው እያዘጋጁ ነው። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ሥራው ቆሟል። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራና ግብጦ ሁሉም ይህን ያደርጋሉ። ግን ልብ በሉ፤ ፍሬው ሲለቀም ከናይትሮጅኑ ብዙው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ግንዱን ከመሬት በላይ ቁረጡት እንጂ አትንቀሉት፤ ሥሩ እዚያው ይበስብስ፣ ገለባውም ወደ መደቡ ወይም ወደ ኮምፖስቱ ይመለስ።

ይህ ወደ ማፈራረቅ ያመጣናል። አንድ መደብ ላይ አንድን ሰብል ደጋግሞ መትከል ለበሽታው መኖሪያ መሥራት ነው። እዚህ ላይ ብዙ አትክልተኛ የሚሳሳተው በዘመድ ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በርበሬና ደበርጃን አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ድንቹን አውጥቶ ቲማቲም መትከል ማፈራረቅ አይባልም። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ሰናፍጭም እንዲሁ ዘመድ ናቸው። ሽንኩርት ከነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት ከድንብላል ይዛመዳል። ጎመን በነበረበት ካሮት፣ ካሮት በነበረበት ባቄላ፣ ባቄላ በነበረበት ቲማቲም እያላችሁ አዙሩት።

ለምን አጥብቄ እንደምናገር አንድ ማሳያ ልስጣችሁ። ቲማቲም ወይም ድንች ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ውሃም ሳይጎድለው በድንገት ጠውልጎ ከወደቀ፣ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጣችሁ ጫፉን ንጹሕ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ሳትነካኩ ያዙት። ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጠው ላይ ወተት የሚመስል ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ አጠውላጊ ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው። ለዚህ መድኃኒት የለም፤ የኬሚካል ሱቅም አያድናችሁም። ተክሉን ነቅላችሁ አቃጥሉ፣ መቆፈሪያችሁን እጠቡ፣ በዚያ መደብ ላይ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ያን ቤተሰብ አትመልሱ።

ስለ መደብና ውሃ ጥቂት ልበል። መደቡ ከአንድ ሜትር ከሃያ አይስፋ፤ ከሁለቱም ጎን እጃችሁ መሃሉ ከደረሰ አፈሩን መርገጥ አይኖርባችሁም። በክረምት ከፍ ይበል ውሃ እንዳይተኛበት፤ በበጋ ዝቅ ይበል ውሃ እንዲይዝ። ከተከላችሁ በኋላ ጉዝጓዝ አልብሱት፤ ደረቅ ሣር፣ የጤፍ ጭድ፣ የሙዝ ቅጠል ይሆናል። ጉዝጓዝ ትነትን ይቀንሳል፣ አረም ያፍናል፣ ቆይቶም አፈር ይሆናል። ከግንዱ ሁለት ሦስት ጣት ራቅ አድርጉት። ቆላ ላይ ምስጥ ይጠራል፣ ክረምት ላይ ቀንድ አውጣ ይሸሸግበታል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሳሳ አድርጉት። ውሃ በማለዳ፣ ከሥሩ። ማታ የቲማቲም ቅጠል ማራስ የቅጠል አድርቅ በሽታን መጋበዝ ነው።

አሁን ሁሉም ወደሚጠይቀው እንምጣ፤ ተባዩስ? በበጋ ጎመን ላይ ክሽክሽ ሲፈላ የሰው እጅ ወደ መርጫው ይሄዳል። አስቀድማችሁ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን በደንብ ተመልከቱ። ግራጫማ ሆነው የተጣበቁት ክሽክሾች ናቸው። በመሃላቸው ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ፣ ወይም ጥቁርና ብርቱካናማ የሆነች ረጅም እጭዋ ካለች፣ ሥራ ላይ ናት፤ ክሽክሹን እየበላች ነው። አብጦ ቡናማ ሆኖ የደረቀ ክሽክሽ ካያችሁ ደግሞ ትንሽዬ ተርብ እንቁላሏን ጥላበታለች። መርዙ ሲረጭ እነዚህ ሁሉ ይሞታሉ። ክሽክሽ ግን ያለ ወንድ ስለምትራባ ከተረፉት ጥቂቶች ተነሥታ በቀናት ውስጥ ቅጠሉን ትሞላዋለች፤ በዚህ ጊዜ የሚበላት የለም። ደጋግሞ የረጨ ሰው ደጋግሞ ለመርጨት የሚገደደው ለዚህ ነው።

እናስ? መጀመሪያ በጣታችሁ ደፍጥጡት፣ በውሃ አጥባችሁ አውርዱት፤ ክፉኛ የተያዘውን ቅጠል ቁረጡ። ካልበቃ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅላችሁ የቅጠሉን ጀርባ አርጥቡ፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል፣ አትጠቀሙበት። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጣችሁ፣ አሳድራችሁ፣ አጥልላችሁ መርጨትም ይቻላል፤ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና ካልጎዳው በማታ ርጩት። የኒም ዛፍ ባለበት ቆላ የፍሬው ውጥ የታወቀ ነው፤ ውስጡ ያለው አዛዲራክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ተባዩን ከመብላትና ከማደግ ይከለክለዋል። ከሁሉ በላይ ግን ድንብላልና እንስላል በመደቡ ዳር ዳር አብበው እንዲቆዩ ተዉአቸው፤ ጥቃቅን አበቦቻቸው ተባይ የሚያጠቁትን ተርቦችና ዝንቦች ይመግባሉ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ከተክል የተሠራ ሁሉ ደህና ነው የሚባለው ሐሰት ነው። የትምባሆ ውሃ ኒኮቲን ነው፤ በቆዳም ገብቶ ሰው ይመርዛል። ለሚበላ አትክልት አታስጠጉት።

ሌላም ከዚህ የሚከብድ ጉዳይ አለ። ከተማ ውስጥ አትክልት ስታለሙ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። የአቃቂ ወንዞች የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይገባባቸዋል፤ በዚያ ውሃ የሚለማ አትክልትም አለ። ከባድ ብረቶች፣ ለምሳሌ እርሳስና ካድሚየም፣ ኮምፖስት ቢገባ፣ መድኃኒት ባይረጭም አይጠፉም፤ ቅጠሉም ሲታጠብ አይለቁም። በተበከለ ወንዝ ውሃ የለማን ሰላጣ ኬሚካል አልተረጨበትም ብሎ «ኦርጋኒክ» ማለት ሕዝብን ማታለል ነው። የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ፤ ሳሙና ያልነካው የአትክልት እጣቢ ተጠቀሙ። ለገበያ ኦርጋኒክ ብሎ ለሚሸጥ ደግሞ አገሪቱ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አላት።

መሬት የሌላችሁ በጆንያም በተቆረጠ ጀሪካንም ይሆናል። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ፤ ሥሩን ብሱት ውሃ እንዲወጣ። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና በሶብላ ይህ ይስማማቸዋል።

በመጨረሻ ዘር። ከሱቅ የሚገዛው ዲቃላ ዘር ከሆነ ከፍሬው የምታስቀሩት ዘር እናቱን አይመስልም፤ ስለዚህ ከምታውቁት የአገር ዝርያ ጀምሩ። የሐበሻ ጎመን ለዚህ ተመራጭ ነው። ዘር ለማስቀረት ብዙ ሰው ቀድሞ ያበበውን፣ ወይም ተበልቶ የቀረውን ይተዋል፤ ይህ ቶሎ የሚያብብና ቅጠሉ ያነሰ ጎመን ያበዛል። እናንተ ገና በቅጠሉ ሳለ ጤነኛውን፣ ሰፊ ቅጠሉንና ዘግይቶ የሚያብበውን መርጣችሁ ግንዱ ላይ ክር እሰሩበት፤ ማንም እንዳይቀነጥሰው ለቤተሰቡ ተናገሩ። ከአንድ ተክል ብቻ ሳይሆን ከብዙ ተክል ዘር ውሰዱ። ቆባው ቢጫ ሲሆን፣ ሳይፈነዳ ቁረጡትና በጥላ አድርቁት። የቲማቲም ዘር ደግሞ ከእነ ጭማቂው ሁለት ሦስት ቀን በብርጭቆ ይቀመጥ፤ ሲቦካ ዘሩን የሸፈነው ሙልጭልጭ ነገር ይለቃል። እጠቡት፤ የሰጠመውን ያዙ፣ የተንሳፈፈውን ድፉ። በደንብ የደረቀውን ዘር ከአመድ ጋር በቅል ወይም በጠርሙስ ከድኑና ስሙንና የተሰበሰበበትን ወር ጽፋችሁ ለጥፉበት።

ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት የኢትዮጵያን የዘር ሀብት በጂን ባንክ ስላስጠበቁ ነው፤ ዘሩ በገበሬውም እጅ ተዘርቶ እንዲቀጥል ብዙ ደክመዋል። የጓሮ ጎመንም ከዚሁ ሀብት ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ዘር ተለዋወጡ።

የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ ያበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ችግኝ መደብ አሠራር፣ ችግኝ ከመደብ ተነሥቶ ሲዛወር እንዳይደርቅ ስለሚደረገው ጥንቃቄ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)